ወንዙ የሚደፈርሰው ሳይቱ በር ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ቀበና ወንዝ ዳር የምንኖር 14 ወጣቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን ዳርቻውን እናጸዳለን። ፌስታሉን፣ ፕላስቲኩን፣ ያገኘነውን ሁሉ እንለቅማለን። ዘንድሮ ከሰፈራችን በላይ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ቁፋሮ ተጀመረ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ያጸዳነው ቦታ በአንድ ሌሊት ጭቃ ይለብሳል። ሄደን ብንጠይቅ ጥበቃው ‹እናንተን ምን አገባችሁ?› አለን። እውነት አያገባንም? በጓንትና በማዳበሪያ ብቻ ምን ያህል መርዳት እንችላለን?»

ምላሽ፦

ያገባችኋል። ጥበቃው ለጠየቃችሁ ጥያቄ መልሱ ተጽፎ ያለቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል። ሰው ሥራ ውስጥ ልትገቡ አልሄዳችሁም። ደጃችሁ የደረሰ ጭቃ ነው ወደዚያ በር የወሰዳችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሥራዬ ውሃና አፈር ነው። ለዓመታት የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። አሁን ሳይቶች ጭቃቸውን ወደታች ሰፈር እንዳይለቁ ነው የማማክረው። ስለዚህ ከቆርቆሮው አጥር ውስጥም ከውጭም ያለውን አውቀዋለሁ።

እስካሁን የለፋችሁት ከንቱ አይደለም። ፌስታል ከወንዝ ከወጣ ወጣ ነው። አፈር ግን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ በእጅም በአካፋም አይመለስም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ደለል 3 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው ሸክላ ግን ወደ 2 ሳምንት ይወስድበታል። ያውም ውሃው ምንም ሳይነቃነቅ ነው።

ቤታችሁ ሊጥ ሲቦካ አይታችኋል። ሳይነካ ካደረ ዱቄቱ ወደታች ይረጋል፣ ከላይ ውሃ ይቀራል። አንድ ጊዜ ቢማሰል ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይደባለቃል። ቀበና በክረምት ሲማሰል የሚውል ወንዝ ነው። «ሳይደፈርስ አይጠራም» እንላለን። ከእንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈራችን ግን ሸክላ የበዛበት ነው። አንዴ ከደፈረሰ ከተማው ውስጥ አይጠራም። ከቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። እዚያ ውሃው ሲቆም ነው መርጋት የሚጀምረው። በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው የአባ ሳሙኤል ግድብ ሲደለል የኖረው በእንዲህ ያለ አፈር ነው።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ አንድ ነው። ከወንዙ ውጡና ሽቅብ ሂዱ። አፈሩን ማስቆም የሚቻለው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። ሳይቱ ውስጥ፣ ሳይቱ በር ላይ፣ ቢበዛ ከበሩ ፊት እስካለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ዲች እስከምንለው ድረስ። ከዚያ ካለፈ ያለፈ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እኛ ለበጎ ፈቃድ የምንወጣው ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ለችግኝ ይሄ ጥሩ ነው። ለአፈር ግን ይዘገያል። ሳይቱ መዘጋጀት ያለበት በግንቦት፣ መሬቱ ደርቆ ሠራተኛውም ፋታ ሲያገኝ ነው። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ውሃ ከሞላ በኋላ ፎርማኑ የሚያስበው ስለ ወንዙ አይደለም፤ ጉድጓዱን ስለማድረቅ ብቻ ነው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ ካዛንቺስ አካባቢ ለአንድ ሕንፃ ምድር ቤት እንቆፍር ነበር። አንድ የሐምሌ ማታ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ፎርማኑ ፓምፕ አስገባና የቱቦውን ጫፍ መንገድ ዳር ካለው ዲች ውስጥ ከተተው። እኔም ቆሜ አየሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ጠዋት ከታች ሰፈር አንዲት እናት መጡ። በነጠላቸው የያዙት ነገር ነበር። ገልጠው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ጀበና ነው። እስከ አንገቱ ድረስ ቀይ ጭቃ ሞልቶታል። አልጮሁም። «ልጄ፣ ይሄ የናንተ መሰለኝ» አሉኝ። ሌሊት ዲቹ በጭቃ ተደፍኖ ውሃው በራቸውን ሰብሮ ገብቷል። ጀበናውን ገዝተን ተካንላቸው። ዲቹን ለማጽዳት ግን 8 ሠራተኛ 3 ቀን ፈጀበት። ያን ውሃ ሳይቱ ውስጥ የሚያሳድር ጉድጓድ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይበቃን ነበር።

ይህን የነገርኳችሁ ከዚያ ቆርቆሮ ጀርባ ያለው ሰው ክፉ ላይሆን እንደሚችል እንድታውቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው የት እንደሚደርስ ወርዶ አይቶ አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

አሁን ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ሳይት ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም። ደግሞም አትግቡ። የቁፋሮ ጠርዝ በዝናብ ይናዳል፣ ማሽን የሚነዳውም ሰው አያያችሁም። ከሕዝብ መንገድ ላይ ቆማችሁ ብዙውን ነገር ማየት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ በሩን እዩ። እኔ ሳይትን በበሩ ነው የማውቀው። ገልባጭ መኪናው አፈር ጭኖ ሲወጣ በጎማዎቹ መካከል የተጣበቀው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይራገፋል። ቀን ፀሐይ ያደርቀውና አቧራ ሆኖ በሰው አፍንጫ ይገባል። ማታ ዝናብ ያጥበውና ዲች ይገባል። ሲኖው በቀን 40 ጊዜ ቢመላለስ በየጉዞው አንድ አካፋ ጭቃ ብቻ ቢያወጣ 40 አካፋ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ቢያንስ 15 ሜትር ያህል የእጅ መዳፍ የሚሞላ ጥርብ ያልሆነ ድንጋይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። ጎማው በላዩ ሲንከባለል ጭቃው እዚያው ይራገፋል። ገረጋንቲ አይሆንም፤ በሁለተኛው ዝናብ ራሱ ጭቃ ይሆናል። ድንጋዩም ሲሞላ እየተነሣ መታደስ አለበት። አስፋልቱ ላይ የወጣውን ደግሞ በደረቁ በመጥረጊያና በአካፋ ማንሳት ነው። በውሃ ማጠብ ማለት ለወንዙ ማቀበል ነው። ብዙ ሳይት «እኛ መንገዱን በየማታው እናጥባለን» ብሎ ሲኮራ ሰምቻለሁ። ከዚያ የባሰ ነገር የለም።

ቀጥሎ የአፈሩን ቁልል እዩ። ለመሙያ ተብሎ የተከመረ አፈር የት ነው ያለው? ዲቹ አፍ ላይ ከሆነ መነሣት አለበት። የሚቆይ ከሆነ በሸራ ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ ሥሩም በጠጠር በተሞላ ማዳበሪያ መከበብ አለበት። ማዳበሪያው በአፈር ከተሞላ ግን ሌላ ጭቃ ጨመርን እንጂ ምንም አልሠራንም። አንዳንዱ ሳይት ደግሞ በችካል ላይ ጨርቅ ወጥሮ አጥር ያደርጋል። ጥሩ ነው። ግን የጨርቁን ታችኛ ጫፍ እዩ። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ካልተቀበረ ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። በየመንገዱ በነፋስ የሚውለበለብ እንዲህ ያለ ጨርቅ ብዙ አያለሁ። ለታይታ ካልሆነ አይጠቅምም።

ሌላው የፓምፑ ቱቦ ነው። ማታ ማታ ነው የሚወጣው። ጫፉ ዲች ወይም ማንሆል ውስጥ ከተቀበረ ጭቃ እየተለቀቀ ነው። መሐንዲሱ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው። ዙሪያውን የተበሳ በርሜል በጉድጓዱ ጥግ ይቀበራል፣ ዙሪያው ጠጠር ይሞላል፣ ፓምፑ በርሜሉ ውስጥ ይቀመጣል። ያኔ ጭቃውን ሳይሆን ውሃውን ይስባል። የተሳበው ውሃ ደለል በሚያስቀር ጉድጓድ አድሮ ከላይ ከላይ ቢለቀቅ ደግሞ የተሻለ ነው። ሸክላውን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም፤ ከላይ በነገርኳችሁ ምክንያት። አሸዋውንና ደለሉን ግን ያስቀረዋል። ዲች የሚደፍነው እሱ ነው።

አንድ ነገር በተለይ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። አርማታ ያቦካ ሚክሰር የታጠበበት ውሃ። ግራጫ ነው፣ ወተት ይመስላል፣ አይሸትም። የአሲድና የአልካሊ መጠን የሚለካበት ቁጥር፣ ፒኤች የሚባለው፣ በጤነኛ ወንዝ ከ6.5 እስከ 8.5 አካባቢ ነው። የሲሚንቶ ውሃ 12ን ያልፋል። ቆዳ ያቃጥላል። ወንዝ ውስጥ ያሉ ዓሣዎችንና ነፍሳትን ሊገድል ይችላል። በእጃችሁ አትንኩት። ሳይቱ ይህን ውሃ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ አጠራቅሞ ካደረቀ በኋላ ጠጣሩን አንሥቶ መጣል ነው ያለበት። ዲች አጠገብ ሚክሰር ሲታጠብ ካያችሁ ሰዓቱን ጻፉ።

ጽፋችሁ ለመያዝ ግን መለካት ያስፈልጋል። «ውሃው ቀይ ነው» ብትሉ «ክረምት ነው፣ ሁሉም ወንዝ ቀይ ነው» ይሏችኋል። እውነት አላቸው። የእንጦጦ ተዳፋት፣ ያልተነጠፈ መንገድ፣ የተናደ ዳርቻ፣ ሁሉም አፈር ይሰጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ውሃ ቅዱ። አንዱን የሳይቱ ዲች ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት በላይ፣ ሌላውን ከበታች። በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ዕቃ።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ሰፈር ልጆች ጋር ግንፍሌ ላይ ይህንኑ አድርገን ነበር። ሁለት ሃይላንድ ሞልተን አንዷ ልጅ ቤት መስኮት ላይ አቆምናቸው። ሲቀዱ ሁለቱም ቀይ ነበሩ፤ ልዩነታቸው እምብዛም አያስታውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከላይ የተቀዳው ሳሳ። ከጀርባው ጋዜጣ ብናስቀምጥ ትልልቁ ፊደል ይነበባል። ከታች የተቀዳው ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያህል ጭቃ ተኝቷል። በአራተኛው ቀን ከላይ የተቀዳው ጠርቶ አለቀ። የታችኛው አሁንም ድፍርስ ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ፎቶ አነሣቻቸው፤ ከጠርሙሶቹ አጠገብ ማስመሪያ አቁማ። እነዚያ 4 ፎቶዎች ከማንኛውም ንግግር የበለጠ አሳመኑ። የሳይቱ መሐንዲስ ስልኳን ተቀብሎ አንድ በአንድ አያቸው። «ይሄ ከኛ በላይ ነው? ይሄ ከኛ በታች ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። በሳምንቱ በሩ ላይ ድንጋይ ተነጠፈ።

ጭቃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደተኛ በማስመሪያ ለኩ። ድፍርስነቱን ደግሞ እንዲህ ትለካላችሁ። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ረጅም ብርጭቆ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ውሰዱ። ከሥሩ ጥቁር መስቀል የተሠመረበት ነጭ ወረቀት አድርጉ። ከላይ ቁልቁል እያያችሁ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። መስቀሉ የጠፋበትን ከፍታ መዝግቡ። ከላይ በተቀዳው ውሃ በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች በተቀዳው በ3 ሳንቲ ሜትር ከጠፋ ነገሩ ግልጽ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡ መቼ እንዳቆመ ጻፉ። አንድ ሰው ሁልጊዜ መዝጋቢ ይሁን። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ይበላሻል።

ቀለሙም ይናገራል። ቀይ ከሆነ የሰሜኑ ቀይ አፈር ነው። ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ዋልካ ነው፤ ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርዱ የሚበዛው እሱ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ሲሚንቶ ወይም የእብነ በረድ መቁረጫ ውሃ ነው። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው፤ ከሳይቱ ጋር አታያይዙት። ይህን መለየት የናንተን ቃል ያስከብራል። ባልሠራው ጥፋት የተከሰሰ ኮንትራክተር በሠራው ጥፋት ሲከሰስም አይሰማም።

ወደ ሳይቱ ስትመለሱ 14 ሆናችሁ አትሂዱ። ሦስት ይበቃል። አንዱ ከእድራችሁ የሚከበሩ አባት ወይም እናት ቢሆኑ መልካም ነው። የአርማታ ሙሌት ቀን አትምረጡ። የዚያን ቀን መሐንዲሱ ስልኩን እንኳ አያነሣም። ጠዋት ሥራ ሳይጦፍ ወይም በምሳ ሰዓት ሂዱ። ከጥበቃው ጋር አትከራከሩ፤ እሱ በሩን እንዲጠብቅ ነው የተቀጠረው። «ወንድሜ፣ ኢንጂነሩን ለ10 ደቂቃ ማናገር ፈልገን ነው፣ እዚሁ ውጭ እንጠብቃለን» በሉት። መሐንዲሱ ሲመጣ ከክስ አትጀምሩ። ጠርሙሶቹን አሳዩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። «በሩ ላይ ድንጋይ ይነጠፍልን» ወይም «ቁልሉ ይሸፈንልን»። አምስት ነገር ከጠየቃችሁ አምስቱንም ለሌላ ጊዜ ያስተላልፋል። አንዱ ከተሠራ ግን ሁለተኛውን ለመጠየቅ ምክንያት አላችሁ። ሲሠራም ሄዳችሁ አመስግኑ። እኔ ሳይት ላይ በነበርኩበት ዘመን ሊያመሰግነኝ የመጣ ጎረቤት አልረሳም።

ለመሐንዲሱ የሚገባ ስሌት ደግሞ አለ። 1,000 ካሬ ሜትር የተከፈተ መሬት ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 30,000 ሊትር ውሃ ነው። 150 በርሜል ማለት ነው። ያ ውሃ ከመሬቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢልጥ 1 ሜትር ኩብ አፈር ይዞ ይወጣል። 1 ሚሊ ሜትር የአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት እንኳ አይሞላም። ክረምቱን ሙሉ ሲደጋገም አስቡት። ያ አፈር የራሱን ቁፋሮ ጠርዝም እየበላ ነው የሚሄደው። ስለ ወንዙ ባይገደው እንኳ ስለ ጉድጓዱ ይገደዋል።

ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። እንደምትፈተኑ አውቃለሁ። ግን ሊረዳችሁ የነበረው መሐንዲስ በአደባባይ ከተነሣ በኋላ አንድ ቃል አይናገርም፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ጠበቃ ይሄዳል። መጀመሪያ በቃል፣ ካልሆነ በጽሑፍ።

በጽሑፍ ሲሆን ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ከተማችንም በ2017 ዓ.ም የወንዝ ዳርቻ ልማትንና ብክለትን የሚመለከት ደንብ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 180/2017 ነው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ። ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር እና ለወረዳችሁ ደንብ ማስከበር ግልባጭ አድርጉ። ሳይቱ በር ላይ የተተከለውን የፕሮጀክት ሰሌዳ ፎቶ አያይዙ፤ ባለቤቱ፣ ኮንትራክተሩና አማካሪው እዚያ ላይ ተጽፈዋል። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይለፍ። መዝገብ ቤት ገቢ ስታደርጉ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፋችሁ ተቀበሉ። 30 ቀኑን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው። ይህን ባለማድረግ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ተብሎ ሁለት ወር የባከነበት ሰፈር አውቃለሁ።

ዳርቻው ላይ ሣር መትከልም ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ትከሉ እላችሁ ነበር። ደሾም ቬቲቨርም ዳርቻን ጥሩ አድርገው ይይዛሉ። ከዲች በቱቦ የሚገባን ጭቃ ግን አያጣሩም፤ ውሃው በሣሩ ላይ አያልፍማ።

ስለ ደኅንነታችሁ በጣም ነው የምጨነቀው። የቀበና ውሃ የሽንት ቤት ፍሳሽ አለበት። ቁስል ያለበት ሰው አይቅዳ። ጓንትና ቦቲ አድርጉ፣ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውሃ ውስጥ አትግቡ። ዕቃውን በገመድ አስራችሁ ከድልድይ ላይ ወይም ከደረቅ ዳርቻ ቅዱ። ሰፈራችሁ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል። ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ ተራራው ከጠቆረ ከዳርቻው ውጡ። ማታ ፓምፑን ለመጠበቅ ብቻችሁን አትውጡ። ከ18 ዓመት በታች ያሉት ልጆች መዝገቡንና ፎቶውን ይያዙ፤ መቅዳቱን ለትልልቆቹ ይተዉ።

ለመጪው ቅዳሜ ይሄን አድርጉ። ከ14ታችሁ አሥሩ እንደወትሮው ዳርቻውን አጽዱ። አራታችሁ ሽቅብ ውጡና ከሳይቱ በር እስከ ወንዙ ድረስ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በእግራችሁ ተከተሉ። የትኛው ዲች፣ የትኛው ማንሆል፣ የትኛው ቱቦ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ በደብተር ላይ ሣሉት። ጠጠር የሚጣልበት፣ ፌስታል የሚደፍነው ቦታ የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ይህን ካርታ ሳትይዙ ከላይና ከታች የቱ እንደሆነ አታውቁም፤ ጠርሙሶቹም ትርጉም አይኖራቸውም። ሁለት ሃይላንድ፣ ገመድ፣ ማስመሪያ፣ የማይለቅ ማርከርና ደብተር ያዙ። የመጀመሪያውን ጥንድ ደረቅ በሆነ ቀን ቅዱ። ዝናብ ሲመጣ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።